ከሻንሲው ሥር ያየሁት

ባለ ስምንት ሲሊንደር አሮጌ የአሜሪካ መኪና ስፈልግ ዓመታት አልፈዋል። ሥራዬ የከተማ አውቶቡስ መንዳት ነው፤ የእረፍት ቀኔን ግን የሰው ጋራዥ ስዞር ነበር የማሳልፈው። አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ፣ በውጭ አገር በምንኖርበት ከተማ ዳር፣ ስካርቦሮ የሚባል ሰፈር የሚኖሩ አንድ አዛውንት እንዲህ ያለ መኪና ሊሸጡ እንደሆነ ሰማሁ። ቅዳሜ ጠዋት ሄድኩ።

ሰውየው ጡረታ የወጡ የታክሲ ሹፌር ናቸው። እጃቸው መንቀጥቀጥ ስለጀመረ መንጃ ፈቃዳቸውን ተነጥቀዋል። መኪናውን አጥበው፣ ሰም ቀብተው፣ ራሳቸውም ከረባት አስረው ጠበቁኝ። ባለቤታቸው የጋራዡ በር ላይ እጃቸውን አጣጥፈው ቆመዋል።

"ቦዲው ከፋብሪካ እንደወጣ ነው ልጄ" አሉኝ።

በጨርቅ የጠቀለልኩትን ማግኔት አውጥቼ በሩ ላይ ለጠፍኩት። አልያዘም፤ ተንሸራቶ ወደቀ።

"ምን ሆነ?"

"ስቱኮ ነው፣ ጋሼ። ብረቱ ተበልቶ በስቱኮ ተሞልቷል። አታለውዎታል።"

ጎንበስ ብለው የወደቀውን ማግኔት አነሱ። ባለቤታቸው ግን አላለፏቸውም። "ይኸው! ልጆቻችን አንድ ክፍል ውስጥ ተደራርበው ሲያድጉ ጋራዡን የያዘው ይሄ ነው!"

አንዲት ቃል ብናገር ኖሮ ሰውየውን ከወቀሳው ለማዳን ይበቃ ነበር። በዚህ አገር ለበረዶ ተብሎ መንገድ ላይ በሚበተነው ጨው በሩ ያልተበላ አሮጌ መኪና የለም፤ ዋናው መኪናውን ከሥር የሚሸከመው ብረት፣ ሻንሲው ነው። ከሥር ገብቼ በባትሪ አየሁት። ንጹሕ ነበር፤ እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም። ልቤ እየዘለለ፣ እዚያው ተጋድሜ ፊቴን አጠቆርኩ። ስወጣ ራሴን ነቀነቅኩ።

"እሱም ተበልቷል?" አሉኝ፣ ድምፃቸው ወርዶ።

"እንኳን አላዩት" አልኳቸው።

የሰጠኋቸውን ዋጋ ሳይከራከሩ ተቀበሉ። ወረቀቱን ሲፈርሙ እጃቸው አልታዘዝ ስላላቸው ባለቤታቸው አንጓቸውን ይዘው አስፈረሟቸው። ሞተሩን ሳስነሳ፣ ሰውየው ሳልጠራቸው ከጎኔ ገብተው ተቀመጡ።

"እስከ መታጠፊያው ብቻ ውሰደኝ።"

"ቸኩያለሁ ጋሼ፣ ይውረዱ።"

በሩን ይዘው ቀስ ብለው ወረዱ። በመስታወት ሳያቸው መንገዱ መሃል ቆመዋል፤ ከረባታቸውን ነፋስ ትከሻቸው ላይ ጥሎታል። እኔ ሬዲዮ ከፈትኩ።

ሙቀቱ ሲገባ መኪናውን ይዤ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ወንዶቹ ከበውት ኮፈኑን ከፍተው ሲያደንቁ፣ ሰውየው በከዘራ እየተደገፉ መጡ። መኪናውን አልነኩትም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ "ጥገናው ብዙ አስወጣህ አይደል? ይቅር በለኝ ልጄ፣ በእግዚአብሔር ስም፣ አላወቅሁም ነበር" አሉኝ።

አጠገባችን የቆሙት ሰዎች ይሰሙ ነበር።

"ግድ የለም ጋሼ" አልኳቸው። "ይቅር ብያለሁ።"