የነበረው ውሃ የት ሄደ?

አጎቴ አሮጌ መኪናቸው ውሃ ስትጨርስ ቶሎ አይሞሉም። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠብቀው፣ ቱቦዎቹን በጣታቸው እየዳሰሱ "ቆይ እስቲ፣ የነበረው የት ሄደ?" ይሉ ነበር።

"ጋሼ፣ ሞልተን ብንሄድስ?" ስላቸው፣ "አንቺ ደግሞ! የት እንደገባ ማወቅ አያጓጓሽም?" ይሉኛል።

ካረፉ ሦስት ወር ሆናቸው። መኪናዋ እኔ ጋ ቀረች። ባለፈው ቅዳሜ የእንጦጦን ዳገት ስወጣ መኪናዋ ውሃ ጨርሳ ሞተሩ ፈላብኝ። ዊንጌት አካባቢ ያለ መካኒክ "አርጅታለች፣ በቃ ሽጫት" አለኝ። ልሸጣትም አስቤ ነበር፤ የአጎቴ ጥያቄ ግን አልለቀቀኝም።

በማግስቱ ራዲያተሩን፣ ቱቦዎቹን፣ ከመኪናዋ ሥር ያለውን መሬት ሳይቀር አየሁ። ሁሉም ደረቅ ነው። ታዲያ የት ገባ? ግራ ሲገባኝ በሩን ከፍቼ የውስጡን ምንጣፍ ዳሰስኩ። ከሾፌሩ ጎን ባለው ወንበር ፊት ውሃ አቁሯል። ለካ የሞተሩን ሙቅ ውሃ ወደ ውስጥ የሚያመጣው የማሞቂያው ቱቦ ተሰንጥቆ እዚያ ያንጠባጥብ ኖሯል።

መካኒኩ ቱቦውን ቀየረልኝ፤ መኪናዋም ዳነች። እሱ ግን ገርሞት "እዚህ የሚቀመጠው ሰው እግሩ ሲረጥብ አልነገረሽም?" ብሎ ጠየቀኝ።

ዓይናቸው ከደከመ በኋላ እዚያ የሚቀመጡት አጎቴ ነበሩ። ከእሳቸው ወዲህ ማንም አልተቀመጠበትም።