ያለ መንታዋ የተሰቀለች ቅርጫት

ቅርጫቶቹን የሠራኋቸው ለእማማ ነበር። እማማ የምላት የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ የሆነችውን ጎረቤቴን ነው። እኔ ወላጆቼ በሰፈራ ከወሎ መጥተው አሶሳ ዳር የወለዱኝ ነኝ። ከስድስተኛ ክፍል ትምህርቴን ያቋረጥኩ ጊዜ እናቴ ስታለቅስ እማማ ሰማችና በአጥሩ በኩል ብቅ ብላ፣ "ይሄ ልጅ እጅ የለውም? ለኔ ስጠው" አለቻት። የእማማ አማርኛ ለወንድም ለሴትም አንድ ነው፤ እኔን ሴቷንም እስከ ዛሬ "አንተ" ነው የምትለኝ።

ቀርከሃ መሰንጠቅ፣ ማለስለስና መጎንጎን ያስተማረችኝ እሷ ናት። ከሁሉ በፊት ያስተማረችኝ ግን ቅርጫት ብቻውን እንደማይሠራ ነው። የበርታ ሴት ሸክሟን በጀርባዋ አታዝልም። ትከሻዋ ላይ እንጨት ታጋድምና ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ ቅርጫት ታንጠለጥላለች። ስለዚህ ሁለቱ ከአንድ ቀርከሃ፣ በአንድ እጅ፣ እንደ መንታ ይሠራሉ። አንደኛው ከበድ ካለ መንገዱን ሙሉ ትከሻ ሲጎትት ይውላል።

እማማ አዲስ ቅርጫት አይታ "ያምራል" አትልም። "ገበያ ደርሶ ይመለስ" ትላለች። ሄዶ ሲመለስ፣ ከወደደችው፣ አንድ ቃል ትናገራለች፦ "ይሸከማል።" በቃ። ይህን ቃል ስለ ሌሎች ሴቶች ሥራ ስትል ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ስለ እኔ ሥራ ብላ አታውቅም። ለማንጎ ወቅት ብዬ እነዚያን ሁለት ቅርጫቶች ስሠራ፣ ወገባቸው ላይ በጭስ የጠቆረ የቀርከሃ ስንጥቅ እያስገባሁ ስጎነጉን፣ የምፈልገው ያንን ቃል ነበር።

ደጄ ላይ ሳደርቃቸው ነው የከተማው ትምህርት ቤት የሥዕል መምህር ያየኝ። ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ፣ ትሑት ሰው ነው። ከተማው ውስጥ አዳራሽ ተፈቅዶለት ዐውደ ርእይ እያዘጋጀ ነበር።

"እህቴ፣ ይቺን አንዷን አውሺኝ።"

"ሁለቱንም ውሰዳቸው እንጂ።"

"አይ፣ ሁለት ሲሆኑ ዕቃ ናቸው። አንዷ ብቻዋን ስትሆን ሰው ቆም ብሎ ያያታል።"

የእማማ መሆኗን ረሳሁ ብል ውሸት ነው። አልረሳሁም። ሥራዬን ቆሞ የሚያይ ሰው አለ መባሉ ጣፈጠኝና ሰጠሁት።

ዐውደ ርእዩ ሐሙስ ተከፈተ። ነጠላዬን አጣፍቼ ሄድኩ። ቅርጫቴ ነጭ ግድግዳ ላይ፣ ከአንድ ሚስማር ተንጠልጥላለች። መብራት ተደርጎላታል። ከሥሯ "አይነካም" የሚል ወረቀት አለ። ከኋላዋ ደግሞ ጥላዋ በግድግዳው ላይ ተዘርግቶ፣ እያንዳንዱ ስንጥቅ ሁለት ሦስት ሆኖ፣ እኔ ያልጎነጎንኩት ሌላ ጉንጉን ሠርቷል። ያን ሁሉ ዓመት ቀርከሃ ስነካ ኖሬ ይህን አላየሁም ነበር። መምህሩ ቅርጫቷን የወሰደ ዕለት ባዋሰኝ መጽሐፍ ውስጥ፣ አንድ ነገር ውበቱ የሚገለጠው ለምንም ሳትፈልገው ስታየው ነው የሚሉ ሰዎች ነበሩ። ያን ቀን እውነታቸውን ነው አልኩ።

ዓርብ ዕለት እማማ መጣች። "ነገ ገበያ ነው። የት አለ ሁለተኛው?"

"አዳራሽ ተሰቅሏል።"

"ተሰቀለ? ምን አጥፍቶ?"

እየተንተባተብኩ ነገርኳት። የቀረውን ቅርጫት ጭኗ ላይ አስቀምጣ ጠርዙን ዙሪያውን በጣቷ ዳሰሰች።

"ማንጎው በስሏል" አለች። "እኔ በአንድ ጎን እንዴት እሄዳለሁ? አንተ ግማሼን ነው የሰጠኸው።"

ቅዳሜ ጠዋት አዳራሹ ውስጥ ቆሜ ሳለሁ ባጃጅ በር ላይ ቆመ። እማማ ወረደች። በአንድ እጇ መሸከሚያ እንጨቷን፣ በሌላው ማንጎ የሞላ ቅርጫቷን ይዛለች።

"እማማ፣ ዕቃ ይዞ መግባት ክልክል ነው" አላት ጥበቃው።

"እሱስ በምን ገባ?" አለች፣ የተሰቀለውን በአገጯ እያሳየች።

ሰው ሳቀ። መምህሩ ግን አልሳቀም፤ ቀርቦ አጎንብሶ ሰላም አላት። "እናቴ፣ ሰው እንዲያያት ብዬ ነው ያመጣኋት። ገበያ ላይ ማንም አያያትም፤ ማንጎውን ነው የሚያየው።"

"እኔ አየዋለሁ።"

"ኋላዎ ሆና እንዴት ያዩዋታል?"

ትከሻዋን መታ መታ አደረገች። "በዚህ። ና፣ ጎንበስ በል።"

እንጨቱን ትከሻው ላይ አጋደመችና ከኋላ ጫፉ ማንጎውን አንጠለጠለች። መምህሩ እንደ ሰከረ ሰው ወደ ኋላ ተንገዳገደ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"አንተ አውርደው።"

"አይነካም" የሚለው ወረቀት ፊቴ ነው። በገዛ እጄ የሠራኋትን ለመንካት እጄ ሲፈራ ታወቀኝ። ይህን ስገነዘብ ነው ያወረድኳት። ማንጎውን እኩል አካፍለን ከፊት በኩል አንጠለጠልናት። መምህሩ አንድ እርምጃ ሄደ፣ ሁለት፣ አምስት። እንጨቱ ቀስ ብሎ ይጎብጣል፣ ቅርጫቶቹ እኩል ከፍ ዝቅ ይላሉ፣ ቀርከሃው ሲጥ ይላል።

"ክብደቱ የት ሄደ?" አለ መምህሩ።

"አየኸው አሁን" አለች እማማ።

እሱም አልተሸነፈም። "እንግዲህ እርስዎም አንድ ነገር ይዩልኝ" ብሎ እንጨቱን ከትከሻው አወረደ፤ ማንጎውን ከአንዷ ቅርጫት አውጥቶ፣ ባዶዋን መብራቱ ፊት ያዢልኝ አለኝ። ያዝኳት። ጥላው ግድግዳው ላይ ተዘረጋ። እማማ ቀርባ በጣቷ ልትነካው ሞከረች፤ ጣቷ ግድግዳ ብቻ አገኘ።

"ይሄን ማን ሠራው?"

"እሷና መብራቱ" አላት መምህሩ፣ ወደ እኔ እያመለከተ።

"ማሻአላህ" አለች፤ ቀጥላም፣ "አርባ ዓመት ስሠራ አንድ ቀን አላየሁትም።" ከዚያ ማንጎውን ወደ ቅርጫቷ መልሳ እንጨቷን አነሳች። "ገበያው ረፈደ።"

ማንጎዋን ተሸክማ ወጣች። ባዶውን ሚስማር እያየሁ ሥራዬ በአደባባይ የታየው ሁለት ቀን ብቻ ነው ብዬ ቅር አለኝ። መምህሩ ግን "አይነካም" የሚለውን ገነጠለና በእስክሪብቶ ሌላ ጽፎ ለጠፈ፦ "ገበያ ሄዳለች። ከሰዓት በኋላ ትመለሳለች።" ሰዉ እየመጣ ባዶ ሚስማር ፊት ቆሞ ያነባል። አንዳንዱ ስቆ ያልፋል። አንዲት ሴት ግን ባዶውን ግድግዳ ስታይ ቆየች፤ የቅርጫቷን ቅርጽ የምትፈልግ ይመስል ነበር።

ወደ ቤት ተመልሼ ሳለሁ፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ከአጥራችን ማዶ የእንጨቱን ድምፅ ሰማሁና ወጣሁ። ቅርጫቶቹ ባዷቸውን ናቸው። በአንደኛው ወገብ ላይ እንደ ወተት ያለው የማንጎ ሙጫ ፈስሶ ጠቁሯል።

"ተበላሸብሽ" አልኳት።

እማማ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለች። ትከሻዋን ዳሰሰች፤ አንዱን ጎን፣ ከዚያ ሌላውን።

"ይሸከማል" አለች።

እንባዬን ሳላብስ ሁለቱንም ቅርጫት አንስታ በአጥሩ ላይ አቀበለችኝ።

"ሰኞ ወስደህ ስቀለው። ሁለቱንም ከነእንጨቱ። ቅዳሜ ግን የኔ ነው።"