በላሚሶ መግፈፊያ ላይ የቀባሁት ግራሶ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም፤ ጸሎት ቤት ምስክርነት ስሰጥም ዘልዬዋለሁ። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለምወዳችሁ አይደለም፤ ስለማታውቁኝ ነው። ደግሞ እንደ ንስሐ አባት ፊታችሁን አታኮሳትሩብኝ።

ሀዋሳ መናኸሪያ የብረታ ብረት ዕቃ እሸጣለሁ፤ ሚስማር፣ ሞረድ፣ ማጠፊያ፣ ግራሶ። ሰው ይመጣ የነበረው ግን ለሚስማሩ ሳይሆን ለአፌ ነው። እኔ ስቀልድ ባጃጅ ሁሉ ቆሞ ይሰማል፤ ሳቁ ሻሸመኔ ይደርስ ነበር ብል ብዙም አላጋነንኩ።

ከዚያ ላሚሶ ከሱቄ ፊት ለፊት ወርክሾፕ ከፈተ። ዝምተኛ በያጅ ነው፤ በዕድሜ ታናሼ። በእግር የሚረገጥ የእንሰት መፋቂያ ሠርቶ የፈጠራ ባለቤትነት ማረጋገጫ አገኘ። ቀጥሎ በእጅ የሚዞር የበቆሎ መፈልፈያ ሠራ፤ ለዚያም አገኘ። እኔ ወሬዬን ጀምሬ መሀሉ ላይ ስደርስ ሰሚዎቼ ጥለውኝ ሄደው የላሚሶን ብረት ይዳብሳሉ። ቀናሁ? ቀናሁ ማለት ያንሳል። ጠላሁት።

ሦስተኛው የአምባዛ ዓሣ ቆዳ መግፈፊያ ነበር። አምባዛ ቅርፊት የለውም፤ ቆዳው ያዳልጣል። ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ የሚበልቱት ሰዎች እጃቸውን አመድ ውስጥ ነክረው፣ በፒንሳ እየጎተቱ ነው የሚገፍፉት። የላሚሶ መግፈፊያ ረጅም እጀታና ባለጥርስ መንጋጋ ነበረው፤ የቆዳውን ጫፍ ነክሶ አንዴ ሲሳብ ካልሲ እንደማውለቅ ነው። ያለ አመድ! ለሱም ማረጋገጫ አገኘ። ከዚያ በብዛት ሊያመርቱለት የፈለጉ ሰዎች አሞራ ገደል መጥተው ሲሠራ ሊያዩ ተቀጣጠሩ።

የዚያን ዕለት እኔም አብሬው አሞራ ገደል ወረድኩ። እንግዶቹን ሊቀበል ሲሄድ፣ «ጋሼ፣ ይችን ይያዙልኝ» ብሎ መግፈፊያውን ሰጠኝ። አመነኝ። እኔም ከኪሴ ግራሶ አውጥቼ ጥርሶቹን ቀባሁ። ከኪሴ! አስቤበት ነው የመጣሁት ማለት ነው። «ለቀልድ ነው» እንዳትሉኝ፤ ያን ሰበብ እኔ ራሴ ለራሴ ስሸጠው ኖሬአለሁ።

ላሚሶ መንጠቆ ላይ የተሰቀለው አምባዛ ፊት ቆመ፤ መግፈፊያውን ቆዳው ላይ አስነከሰ፤ ባለ በሌለ ኃይሉ ሳበ። መንጋጋው ሙልጭ አለ። ላሚሶ የዓሣ አንጀት የሞላበት ሳፋ ውስጥ በቂጡ ተቀመጠ። የሐይቁ ጉማሬ ሁሉ አንገቱን አውጥቶ የሳቀ መሰለኝ።

«ወይኔ! ዓሣው እሱን ገፈፈው እኮ!» አለች አንዷ ዓሣ ሻጭ።

እኔም «ኢንጂነር አምባዛ» ብዬ ስም አወጣሁለት፤ ስሙ እስከ ዛሬ አልለቀቀውም። በሳቁ መሀል መግፈፊያውን አንስቼ ግራሶውን በሱሪዬ ጠረግሁ። እንግዶቹ እየተሳሳቁ መኪናቸው ውስጥ ገቡ፤ በዚያው ቀሩ።

ቀጥሎ ያደረግሁት ከዚህ ይከፋል። በማግስቱ ላሚሶ ሱቄ መጣና መግፈፊያውን ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ፣ «ጋሼ፣ የት ጋ ነው የተሳሳትኩት?» አለኝ። ያኔ መናገር እችል ነበር። እኔ ግን መነጽሬን አጥልቄ፣ እንደ ዐዋቂ ገለባብጬ አየሁና «ጥርሱ አጭር ነው፤ ጠለቅ አድርገህ ሞርደው» አልኩት። ሞረዱንም የሸጥኩለት እኔ ነኝ! ሞረደው። ከዚያ ወዲያ መግፈፊያው ሥጋውን ከነቆዳው ይቦጭቅ ጀመር። ደህናውን ዕቃ በገዛ እጁ እንዲያበላሽ ያደረግሁት እኔ ነኝ። እኔ!

ባለፈው ወር ማጠፊያ ሊገዛ መጣ። ዛሬ የሚሠራው የግቢ በር ብቻ ነው።

«አዲስ ነገር የለም?» አልኩት፤ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

«ተውኩት ጋሼ» አለኝ። «እጄ ራሱ ‹ልክ ነው› ቢለኝም አላምነውም።»

እና ምን አደረግሁ? ሳቅሁ።

ምን ዓይነት ሰው ነኝ? አትመልሱልኝ፤ ከእናንተ የከፋ ስድብ ለራሴ አላጣም። ይቅር በሉኝም አልላችሁም። እናንተን ምን አደረግኋችሁ? ይቅርታው የላሚሶ ነው፤ እሱ ደግሞ ይቅር የሚለው ነገር እንዳለ እንኳ አያውቅም። ይህን ስጽፍ የብየዳው ብልጭታ በሱቄ መስታወት ይታየኛል። ተነሥቶ አስፋልቱን መሻገር ነው የቀረኝ። ለእናንተ ለመጻፍ ወኔ አገኘሁ። አስፋልቱን ግን አልተሻገርኩም።