የሬናታ ክላክስ

ሬናታ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ግንድ እየጫነ በዚያ የባሕር ዳር መንገድ ተመላልሷል። ሰው የሚያውቀው ግን በመኪናው ሳይሆን በክላክሱ ነበር። እዚያ አገር ወገኖቹ የተቀበሩበት ኮረብታ ሥር የሚያልፍ ሰው ክላክስ ሳያደርግ አያልፍም። «አለን፣ አልረሳናችሁም» ማለት ነው። የሬናታ ክላክስ ሲጮህ ግን የሚሰሙት ሙታኑ ብቻ አልነበሩም። ስንት ነገር ሆነው ያስተኙት ሕፃን የሚነሣባቸው እናቶች ይረግሙታል፤ ቶላጋ ቤይ ያለችው እህቱ ሪፔካ ደግሞ ድምፁን ስትሰማ ሻይ ትጥዳለች።

ልጁ ሁሪያ እዚያ ኮረብታ ላይ ከተቀበረች ሦስት ዓመት አለፈ። ሬናታ በእነዚያ ሦስት ዓመታት አንድም ቀን የመቃብር ቦታው በር ላይ አልቆመም። ከሩቅ ጀምሮ ክላክሱን ረዘም አድርጎ ያስጮኸውና ያልፋል። በሙት ዓመቷ የመቃብሯ ድንጋይ ሲገለጥ፣ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ሲበላና ሲያለቅስ፣ እሱ «ጭነት አለብኝ» ብሎ ቀረ። ቀኑ እሑድ ነበር። እሑድ ግንድ የሚጭን ሰው እንደሌለ ሪፔካ አሳምራ ታውቃለች፤ ሆድ ይፍጀው ብላ ተወችው።

አሁን ጡረታ ወጥቷል። ከሥራው የቀረችለት አንዲት ያረጀች ፒካፕ ናት፤ ከሁሪያ የቀረችው ደግሞ ማራማ፣ አምስት ዓመት ሊሞላት ሁለት ወር የቀራት የልጅ ልጁ። እሷም ልትሄድ ነው። አባቷ ኢሃያ አውስትራሊያ ማዕድን ማውጫ ውስጥ ደህና ሥራ አግኝቶ፣ ሊወስዳት ኦፖቲኪ ከተማ እናቱ ቤት መጥቶ ይጠብቃል። አባት ልጄን ቢል ማን ይከለክለዋል? ሬናታም ራሱ አደርሳታለሁ አለ።

ጠዋት ሪፔካ በር ላይ ቆማ ነዘነዘችው።

«በገደሉ አቋራጭ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። ምን አጥተህ ነው ዙሪያውን የምትዞረው?»

«ባሕሩን ላሳያት ነዋ።»

«ባሕር ላይ ያደገች ልጅ?»

«እንግዲያው ባሕሩ ይያት» አለና የመኪናውን በር ዘጋ።

በሆዱ የያዘው ሌላ ነበር። ኮረብታው ሥር ሲደርሱ ዝግ ብሎ የልጅቷን እጅ መሪው ላይ አድርጎ ክላክሱን ራሷ እንድታስጮኸው ሊያደርግ። እሱን ያስጨነቀው መሄዷ ብቻ አይደለም፤ ከእናቷ ምን ይዛ እንደምትሄድ ነው። ፊቷን አታስታውሰውም። ሌላው ሁሉ ቢጠፋት ያ ድምፅ አይጠፋትም፣ እንዲህ ብሎ ነበር ያሰበው።

ቶኮማሩ ላይ አንድ የሥጋ ፓይ ለሁለት በሉ። ማራማ ሥጋውን ለቅማ ቂጣውን ለእሱ ተወችለት። ከዚያ ወዲያ መንገዱ አንዴ ወደ ባሕሩ ይወርዳል፣ አንዴ ጫካ ውስጥ ይገባል። ጎርፍ ያወረደው ግንድ አሸዋውን ሞልቶታል። ልጅቷ እግሯን እያወዛወዘች የራሷን ዘፈን ትዘፍናለች፤ ሬናታ ያዳምጣታል፣ ማክሰኞ ከበረረች በኋላ ይህ ወንበር ባዶ ነው እያለ በልቡ።

አንዱ ኩርባ ላይ ባለቤት የሌለው ፈረስ መንገዱ መሐል ቆሟል። ሬናታ ክላክሱን ተጫነው። ምንም የለም። ደገመው። ፈረሱ ጆሮውን እንኳ አላነቃነቀም።

«ኮሮ» አለች ማራማ፤ አያቷን የምትጠራው እንደዚያ ነው። «መኪናህ ድምፁ ጠፋ።»

«ጉንፋን ይዞት ነው።»

ሳቀች። ትንሽ ቆይታ ግን «እማ ጋ ስንደርስስ?» አለችው።

ፈረሱን ዞሮ አለፈና ጋራዥ ፍለጋ ነዳ። ቀጥሎ ያገኘው ጋራዥ እሑድ ስለሆነ ዝግ ነው። ኮፈኑን ከፍቶ ያየውን ሽቦ ሁሉ ነካካ፣ በቡጢም መታው፣ ሰደበውም። ከቀን ሁሉ ዛሬን መርጦ!

ኮረብታው ብቅ አለ። ነጭ አጥር፣ ሁለት ዛፍ፣ ከሥሩ ባሕር። ሬናታ ዝግ አለ።

«በመስኮት እጅሽን አውለብልቢላት።»

«አትሰማም እኮ።»

«ትሰማለች።»

«በምኗ? ክላክስ አላደረግክም እኮ።» ልታለቅስ ነው። «ዝም ብለህ እንዳታልፍ፣ ኮሮ።»

ቆመ። ሞተሩን አጠፋና ሁለት እጁን መሪው ላይ እንዳደረገ ቀረ። ልጅቷ ቀበቶዋን ራሷ ፈትታ ወረደች።

«ና እንጂ።»

«የት እንዳለች አታውቂውም።»

«አውቃለሁ። ከሪፔካ ጋር እንመጣለን፣ አንተ ዓሣ ስታጠምድ። አንተ አታውቅም?»

አያውቅም። ሌላው ቀርቶ ድንጋዩ ጥቁር ይሁን ነጭ አያውቅም። ሽማግሌው ወረደ፤ ልጅቷ በሁለት ጣቱ ይዛ እየጎተተች ሽቅብ ወሰደችው።

ሦስት ዓመት ሲሸሸው የኖረው ነገር እስከ ጉልበቱ የማይደርስ ጥቁር ድንጋይ ነው። ሁሪያ ድንጋዩ ላይ ባለው ፎቶግራፍ ትስቃለች፤ የፊት ጥርሷ ፍንጭት እንኳ አልቀረም። ማራማ ቀሚሷን ሰብስባ ድንጋዩ ፊት ቁጢጥ አለች።

«እማ፣ የኮሮ ክላክስ ተበላሸ። ስለዚህ ራሱን ይዤልሽ መጣሁ።»

ሬናታ እዚያው ሣሩ ላይ ተቀመጠና አለቀሰ። በቀብሯ ቀን ያላለቀሰውን፣ ድንጋዩ ሲገለጥ ያመለጠውን፣ ሁሉንም። ልጅቷ ጉልበቱን መታ መታ እያደረገች ማክሰኞ በአውሮፕላን እንደምትሄድ ለእናቷ ተረከችላት። ከዚያ ዞር ብላ «እኔ ስሄድ ማን ይመጣላታል?» ብላ ጠየቀች። 

ሲወጡ በሩ ላይ ባለው ቧንቧ እንደ ወጉ እጃቸውን ታጠቡ። ማራማ የተረፈውን ውሃ እሱ ላይ ረጨችው። ከዚያ በኋላ እስከ ኦፖቲኪ ድረስ ተኛች፤ እሱ ግን የሚያልፉትን ወሽመጥ ሁሉ በየስሙ እየጠራ ነገራት።

በማግስቱ ጠዋት ኢሃያ የፒካፗን ኮፈን ከፍቶ ጎንበስ ብሏል። ማራማ ነግራዋለች።

«ፊውዝ ብቻ ነው፣ አባቴ። ትርፍ አለኝ፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።»

«ተወው።»

«ያለ ክላክስ እኮ የመኪና ምርመራ አያልፍልዎትም።»

«አይለፍ።»

ኢሃያ ቀና ብሎ አየው። ሬናታ ግቢው ውስጥ ዶሮ የምታባርረውን ልጅ ነበር የሚያየው።

«ከሠራ ኮረብታው ጋ አልቆምም» አለ።

ኢሃያ ፊውዙን ኪሱ ከተተና ኮፈኑን ቀስ ብሎ ከደነው።