የአባዬ በኩራት

ባለፈው እሁድ ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሳ አባዬ ቤት የለም። ከስድስቱ ተክሎቼ ደግሞ ትልቁ የለም... ከሥሩ ተቆርጧል። የወጥ ቤቱ ቢላ ታጥቦ ቦታው ተመልሷል።

ነገሩ እንዲገባችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

የምኖረው ሎስ አንጀለስ፣ የሐበሻ ሱቆች ካሉበት ከፌርፋክስ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። ሆሊውድ አንድ ሆቴል ውስጥ የእንግዳ መኪና አቆማለሁ። ትርፍ ክፍሌ ውስጥ በመብራት የማሳድገው ካናቢስ አለኝ። ሕጉ እስከ ስድስት ተክል ይፈቅዳል፣ እኔም ስድስት አለኝ። ሕግ አክባሪ ሰው ነኝ።

አባዬ የመጣው ከአራት ወር በፊት ነው። ደብረ ብርሃን አካባቢ ዕድሜውን ሙሉ ሲያርስ የኖረ ሰው ነው። እዚህ የሚያርሰው የለም። ጠዋት ስወጣ ሶፋው ላይ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይቀመጣል... ስመለስም እዚያው ነው። በሁለተኛው ሳምንት «ልጄ፣ አገሬ መልሰኝ» አለኝ። እሱ አላለቀሰም፤ እኔ ግን ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

በማግስቱ የዚያን ክፍል በር ከፈተ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«መድኃኒት ነው አባዬ።»

«የምን?»

«የእንቅልፍ።»

ውሸት አልነበረም። እውነትም አልነበረም።

ጠጋ ብሎ አሸተተ። «ጠረኑ ብርቱ ነው፤ መድኃኒትነቱ ያስታውቃል» አለ። ከዚያ ቀን በኋላ ሶፋው ላይ አይቼው አላውቅም። በከረጢት የገዛሁትን አፈር በጣቶቹ አሽቶ «ይሄ አፈር አይደለም፣ የእንጨት ፍቅፋቂ ነው» ብሎ አሳፈረኝ። ቢጫ ቅጠል ካየ አያሳድርም።

መብራቱን ሌት ተቀን አበራ ስለነበር «ፍጥረት ሳይተኛ ያድጋል እንዴ?» ብሎ ተቆጣኝ። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ያጠፋዋል፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ላይ ያበራዋል። ለወራት እምቢ ያለኝ አበባ ብዙም ሳይቆይ ብቅ አለ። ለካ ለማበብ ረጅም ጨለማ ይፈልግ ኖሯል። ወደ አገር የመመለስ ወሬም ከዚያ ወዲህ አልተነሳም። እኔም እውነቱን የምነግርበት አመቺ ቀን ስጠብቅ ሦስት ወር ሞላኝ።

ወደ እሁድ ልመለስ። ደወልኩለት።

«አባዬ፣ የት ነህ?»

«ቤተክርስቲያን ነኛ። ተፈራ አምጥቶኝ።»

«ተክሉስ?»

«ይዤዋለሁ። በኩራት አይደል? መጀመሪያ የደረሰው የእግዜር ነው።»

እኛ ቤት አዲስ እህል ከመቀመሱ በፊት መጀመሪያ የደረሰው ለቤተክርስቲያን ይሰጣል። ልጅ ሆኜ ተሸክሜ የማደርሰው እኔ ነበርኩ። ካናቢስንም ይጨምራል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ጫማዬን በቅጡ ሳላስር ነዳሁ። ፓርኪንግ የምሠራ ሰውዬ ማቆም የተከለከለበት ቀዩ መስመር ላይ ፓርክ አደረግሁ። ጎረቤታችን ጋሽ ተፈራ፣ ሠላሳ ዓመት ታክሲ የነዱ ሰው፣ ደጅ ቆመዋል። የመኪናቸው አራቱም በሮች ተበርግደዋል።

«ጋሼ፣ ምነው ሳይነግሩት?»

«ኦኬ፣ ምን ብዬ ልንገረው? ልጅህ ሀሺሽ ያበቅላል ልበለው? አባትህ ነው፣ ራስህ ንገረው። ፍሪዌይ ላይ መስኮት ከፍቼ ድራይቭ ሳደርግ ‹ነፋሱ ቅጠሉን ይጎዳዋል፣ ዝጋ› እያለ መከራዬን አበላኝ።»

ስገባ አባዬ ስለት ከሚቀበሉት ሰዎች ፊት ተሰልፏል። ከፊቱ የቀሩት ጧፍ የያዙ አንዲት እናት ብቻ ናቸው። ተክሉን በአዲሱ የትራስ ልብሴ ጠቅልሎ እንደ ክርስትና ልጅ ታቅፎታል። ወጣቶቹ ወዲያ ወዲህ ያያሉ... ሽታው ከየት እንደመጣ ማመን ያቃታቸው ይመስላሉ።

«አባዬ፣ ና እንውጣ።»

«ተራዬ ደርሷል።»

«ይሄ ለቤተክርስቲያን አይሆንም።»

«ለምን አይሆንም? ዘንድሮ ከእጄ የወጣ ሌላ ምን አለኝ?»

ከመጣ ጀምሮ በየእሁዱ ባዶ እጁን ነበር የሚገባው፤ ያንን ነገር ለካ በሆዱ ይዞት ኖሯል። ጧፍ የያዙት እናት ጨርሰው ዞር አሉ። ምርጫ አልነበረኝም። ጆሮው ሥር ጠጋ አልኩ...

«ሀሺሽ ነው አባዬ።»

የታቀፈውን አየ። መቅደሱን አየ። ከኋላው ላለችው ልጅ «እለፊ» ብሎ ከሰልፉ ወጣ። ግቢው ዳር ስንደርስ ቆመ።

«መድኃኒት ነው አላልከኝም?»

«ሰው ለእንቅልፍም ይወስደዋል...»

«እንዴት ነው የሚወሰደው?»

«ይደርቅና... ይጨሳል።»

ስለ ኃጢአት ይቆጣኛል ብዬ ተዘጋጅቻለሁ። ፖሊስ ቢል መልስ አለኝ፣ የቤተሰብ ስም ቢልም መልስ አለኝ።

«ሦስት ወር ሙሉ ያጠጣሁትን... ልታቃጥለው?»

ተክሉን ልቀበለው እጄን ዘረጋሁ።

«እኛ አገር የሰው ሰብል የሚያቃጥል ደመኛ ነው» አለኝ። ተክሉን አስታቅፎኝ ባዶ እጁን ተመልሶ ገባና አስቀደሰ። እኔ መኪና ውስጥ ተክሌን ታቅፌ ጠበቅሁት።

ቀኑን ሙሉ አላናገረኝም። ይቅርታ ብጠይቀው ፊቱን አዞረ። አሁን «መልሰኝ» ይለኛል፣ አሁን ይለኛል ስል ዋልኩ። ሊመሽ ሲል ተነስቶ ወደ ክፍሉ ገባ። የቀሩትን አምስቱን አንድ በአንድ አጠጣና በሰዓቱ መብራቱን አጠፋ።

«አባዬ... እኔ እኮ ትተዋቸዋለህ ብዬ ነበር።»

«የዋሸኸኝ አንተ ነህ። እነሱ ምን አጠፉ?»

አምስቱም ደርሰዋል፣ መታጨድ አለባቸው። አባዬ ግን በሩን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከቷል። ስለዚህ ፌርፋክስ አካባቢ ያላችሁ... መጥተው አባዬን የሚለምኑልኝ ሦስት ሽማግሌዎች እየፈለግሁ ነው፤ የማያጨሱ ቢሆኑ ይመረጣል።