ከሰዓት የሚያነክሰው ሙዘይን

በአርዲቦ ሐይቅ ዳር የሙዘይንን ያህል ጎህ ሲቀድ የሚያርስ፣ ከቀትር በኋላም የሙዘይንን ያህል የሚያነክስ ወጣት አልነበረም። ጧት በሬ ጠምዶ ሲወጣ ላየው ጎበዝ ነው፤ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ግን ቀኝ እግሩ ወደ ውስጥ ይጠመዘዛል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ እርፉን መጨበጥ ያቅተዋል። ያን ጊዜ በሬዎቹን ፈትቶ ዋርካ ሥር ጋደም ይላል። አንድ እንቅልፍ ወስዶት ሲነሳ እግሩ ተቃንቶ እንደገና ሰው ይሆናል፤ ለትንሽ ጊዜ። ጎረቤቶቹ ይህን ስለሚያውቁ በወንፈል ሲያርሱ የእሱን ተራ ሁልጊዜ ጧት ያደርጉለታል። «የጧቱ ወንድ» እያሉ ሲያሾፉበትም አብሯቸው ይስቃል።

እናቱ ኑርሀያት ግን በዚህ ነገር ስቃ አታውቅም። ጅን ነው ሲሏት ዱዓ አስደረገች፣ ቡዳ ነው ሲሏት ሥር አስሸተተችው። ደክማ ደክማ ያገኘችው መድኃኒት እንቅልፍ ብቻ ሆነ። እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ዝንብ እያባረረች ታስተኛዋለች።

ነገሩ ከጅንም ከቡዳም የራቀ ነበር። በሰው ሕዋስ ውስጥ የተበላሸውን ፕሮቲን እየለየ «ይህ ይወገድ» እንደማለት ምልክት የሚያደርግበት ኢንዛይም አለ፤ ፓርኪን ይሉታል። ምልክት የተደረገበት ፕሮቲን ተሰባብሮ ይጠፋል፣ ሕዋሱም ይጸዳል። የሙዘይን ፓርኪን አይሠራም ነበር፤ ጤነኛ እናቱና ጤነኛ አባቱ ሳያውቁት እክሉን ከሁለቱም ወገን አወረሱት። እንቅስቃሴን የሚያዙት የአንጎሉ ሕዋሳት ጥራጊያቸውን ማስወገድ አቅቷቸው ቀስ በቀስ እየሞቱ ነበር። ይህ የታወቀው ከብዙ ዘመን በኋላ፣ ታናሽ እህቱ ሂንድ ያው ሕመም ይዟት ስትመረመር ነው። በ1981 ዓ.ም. ግን የዚህን ኢንዛይም ስም የሚያውቅ ሐኪም በዓለም ላይ አልነበረም፤ የደርግ ካድሬማ ከየት አባቱ ያውቃል!

በዚያ ዓመት ነው በሐይቅ ከተማ ገበያ ወጣቱ ለጦር ግንባር የታፈሰው። ሰዉ ገና እህሉን ሲዘረጋ ወታደሮች በአራቱም ማዕዘን ከበቡት። ጎረምሳ የተባለ ሁሉ በሰደፍ እየተነዳ መጋዘን ገባ። አንድ በግ ሻጭ አጥር ሊዘል ሲል ከጀርባው በጥይት ተመታና እላዩ ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። በጎቹ ከሥሩ ቆመው ይጠብቁት ነበር።

ሙዘይን ጧት ስለነበር ቀጥ ብሎ እየተራመደ ገባ። ቀትር ላይ ሲያነክስ አፈሳውን የሚመራው ካድሬ አየውና ደሙ ፈላ።

«ከእናት አገር ጥሪ ለመቅረት ነው የምታስመስለው?» ብሎ አስተኛውና ውስጥ እግሩን በኤሌክትሪክ ገመድ ይገርፈው ጀመር። በተገረፈ ቁጥር እግሩ ይብስ ተጠማዘዘ፤ እግሩ በተጠማዘዘ ቁጥር ካድሬው ይብስ ገረፈው።

ዕድሜው ከፍ ያለ በመሆኑ ሳይታፈስ የቀረው ጎረቤታቸው አያሌው ይህን ሰምቶ እየሮጠ መጣ።

«ጓድ፣ ግሸን ማርያም ምስክሬ ናት፣ ልጁ በሽተኛ ነው! ጧት ደኅና ነው፣ ከሰዓት ይወድቃል። አገር ያውቀዋል።»

ካድሬው ገመዱን ጣለ። «መርማሪው መኮንን ከሰዓት ይመጣል። ፊቱ መቆም ካቃተው ቤቱ ይሂድ። ከቆመ ግን አንተም አብረኸው ትጫናለህ።»

አያሌው እፎይ አለ። ሙዘይን ከሰዓት ሲቆም አይቶ አያውቅማ! እሱንም በመጋዘኑ የኋላ በር በኩል በጠባቂ አስቀመጡት።

ኑርሀያት ከሰፈሯ ተጠርታ እያለከለከች የደረሰችው ከዚህ በኋላ ነው። ካድሬው ያለውን የነገራትም የለም። ዘበኛው ሲያሳልፋት ያየችው ደሙ የሚፈስ ልጇን ብቻ ነው።

«እማ፣ አቃጠሉኝ።»

«አብሽር፣ የኔ አባት። ትንሽ ተኛ፣ ይሻልሃል» ብላ ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አደረገች። ዓይኑ ወዲያው ተከደነ።

አያሌው በኋላው በር ቀዳዳ አያት። «ኑርሀያት! እንዳታስተ...» ሳይጨርስ ወታደሩ አፉን በሰደፍ አለው። ጥርሱ ከደም ጋር ረገፈ። ኑርሀያት ጩኸቱን ሰማች እንጂ ቃሉ አልተለየላትም። ልጇ እንዳይነቃባት ፈራችና ጆሮዎቹን በመዳፎቿ ደፈነችለት።

መኮንኑ ሲመጣ ሙዘይን እንቅልፉን ጠግቦ ነበር። «ተነስ!» ሲባል ነቃ። የተገረፈው እግሩ ቢያቃጥለውም አልተጠማዘዘም፤ ቀጥ ብሎ ቆመ። ደኅና ሆኖ በነቃ ቁጥር የምትለው ቃል ሳታስበው ከኑርሀያት አፍ አመለጠ።

«አልሐምዱሊላህ!»

መኮንኑ ሳቀ። «እናትየዋም መሰከረች። ጫኑት።»

አያሌውን በደም የተነከረ ልብሱን ይዘው ኦራል የጭነት መኪናው ላይ ሲወረውሩት ካድሬው «ልጁ መቆም ቢያቅተው ኖሮ ሁለቱም ይቀሩ ነበር» ሲል ነገሩ ገባት። ያደረገችውን አወቀች። ከመኪናው ኋላ እየሮጠች ጮኸች።

«ጌታው፣ ወላሂ ያመዋል! ትንሽ ቆዩለት፣ አሁን እግሩ ይጠመዘዛል! ያ አላህ፣ አሁኑኑ ይመመው!»

ሙዘይን እንዳታለቅስ ብሎ ከኦራሉ ላይ እጁን አውለበለበላት። እጁ አልተንቀጠቀጠም።