ለባዶ የነደደ እሳት

ናዒማ እስራኤል አገር፣ ራማት ጋን ከተማ ውስጥ ከደጄ ፊት ለፊት ትኖራለች። ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ታላቅ እህቷን ሓቢባን የምታስታምመው እሷ ናት። ሓቢባ ሰው መርሳት ከጀመረች ቆይታለች፤ አንድ ሳምንት ደግሞ መብላት ትታ ነበር። ሐሙስ ዕለት ግን በራሷ አፍ፣ "ለሰንበት ቲቢት የለም?" አለች። ናዒማ ይህን ልትነግረኝ በነጠላ ጫማ ሮጣ መጣች።

ቲቢት ሆዷ ሩዝ የተሞላ ዶሮ ናት። ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ትጣዳለች፤ በዝግታ አድራ ቅዳሜ ቀን ትወጣለች። ከድስቱ ሥር የምትገኘውን የሩዝ ቅርፊት እንደ ናዒማ ያሉ የባግዳድ አይሁዶች ይሻሙባታል።

ምድጃው ግን አዲስ ነበር። ሓቢባ ጋዙን ከፍታ እንዳትረሳ ብለው የናዒማ ልጆች የኤሌክትሪክ አስገብተውላታል። ማዞሪያዎቹ አራቱም በአንድ ረድፍ ናቸው። ነበልባል የለም፤ የትኛው ብረት እንደሚግል ዓይን አያውቅም። ዓርብ አመሻሽ ላይ ናዒማ ድስቱን ጥዳ አንዱን ጠመዘዘች፤ ቀይዋ መብራት ስትበራ "ተመስገን" ብላ የሰንበት ሻማዋን ለኮሰች።

ጥቂት ቆይታ በሬን አንኳኳች።

"ነይ እስቲ፣ ድስቱ አይሸትም።"

ገብቼ መዳፌን ሳልነካ ከምድጃው በላይ ዘረጋሁ። ድስቱ ያለበት ብረት ቀዝቃዛ ነው፤ አጠገቡ ያለው ባዶው ግሏል። ዶሮዋ ገና ጥሬ ናት።

"በጣቴ ብቻ ገፋ ባደርገውስ?" አለች፣ መልሱን እያወቀች።

ሰንበት ገብቷል። ድስቱን ወደ እሳቱ መግፋት ማብሰል ነው፤ በሰንበት ደግሞ ማብሰል ክልክል ነው። ማድረግ የቻልነው ከብረቱ አጠገብ የተሰቀለውን ፎጣ እንዳይቃጠል ማንሳት ብቻ ነበር። ናዒማ ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። እኔም ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ከዓርብ ጀምሮ እሳት ላይ ያደረ የምስር ወጥ ከቤቴ ወሰድኩ። ሓቢባ ሳህኑን አየችና አፏን ገጠመች።

"ቅርፊቷስ?"

"እትዬ፣ እሳቱን ለባዶ አነደድኩት።"

ሓቢባ ምድጃውን አየች። "ታዲያ ባዶው በሰለ?"

ናዒማ ሳቀች፤ ከዚያ ዓይኗን በሻርቧ ጠረገች። ሓቢባ ምስሩን ሁለት ማንኪያ ቀምሳ ገፋችው። ለዚያችም አምላክን አመሰገንን።

እሑድ በእያንዳንዱ ማዞሪያና በሚያግለው ብረት አጠገብ ተመሳሳይ መልክ ያለው የጥፍር ቀለም ቀባን። ናዒማ ሥሩ ጎርባጣ የነበረውን ድስት አስቀምጣ፣ ብረቱን ልክ የሚሸፍን ለጥ ያለ ገዛች። ብረቱ ከጠፋም በኋላ እንደሚያቃጥል ስለተማረች ፎጣውን ወደ በሩ አዛወረችው። ዓርብ ሻማ ሳይበራ ጠራችኝ፤ አራቱንም በመዳፋችን ፈተሽን።

"ሞቋል?"

"ሞቋል። የድስቱ ነው።"

ቲቢቷ አምራ ወጣች። ሓቢባ ግን በዚያ ሳምንት ቲቢት የሚባል ነገር መኖሩንም ረስታ ነበር። ናዒማ ከቅርፊቷ ጥፍር የምታክል ቆርሳ ከንፈሯ ላይ አደረገችላት።

"እትዬ፣ እማማ ትቆርስልን የነበረችው ናት።"

ሓቢባ አፏን ከፈተች። ረጅም ጊዜ ጉንጯ ውስጥ ይዛት ቆየች። አልዋጠቻትም፤ አልተፋቻትምም። ናዒማ እጇን ከእህቷ አገጭ በታች ዘርግታ ትጠብቃለች።